አንድ ቆብና ብዙ ባርኔጣ

አማርኛ ራስ ላይ ለሚውለው ነገር ሁሉ በአንድ ግስ አይረካም። ጥምጥም ይጠመጠማል፤ ሻሽ ይታሰራል፤ ነጠላ ይከናነቡታል፤ ዘውድ ይጭኑታል፤ ቆብና ባርኔጣ ግን ይደፋሉ። መድፋት ዕቃን መገልበጥም ነው፤ ባርኔጣም ልብ ብለው ቢያዩት አፉ ወደ ታች የተገለበጠ ዕቃ ነው። የግሶቹ መለያየት ከነገሩ ጠባይ የመጣ ይመስላል። የሚጠመጠመው በየማለዳው እንደ አዲስ ይሠራል፤ የሚጫነው ክብደት አለው፤ የሚደፋው ግን አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ከራስ ወደ ራስ፣ ከራስም ወደ መስቀያ በቀላሉ ይሸጋገራል። ከራስ መሸፈኛዎች ሁሉ ለመሰብሰብ የተመቸውም ይኸው የሚደፋው ነው።

ባርኔጣ ሰብሳቢ ከሌሎች ሰብሳቢዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ቴምብሩን ደብዳቤ ላይ አይለጥፈውም፤ የጥንት ሳንቲም ያለውም በሳንቲሙ ገበያ አይወጣም። ባርኔጣ የሚወድ ግን ብዙውን ጊዜ ይደፋዋል። ለፀሐይ ቀን ከቶኪያ ሣር የተታታ ባርኔጣ አለው፤ ዓለም «ፓናማ» ይበለው እንጂ የሚታታው ኢኳዶር ነው፤ ዩኔስኮም ጥበቡን እ.ኤ.አ. በ2012 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ በኢኳዶር ስም ነው የመዘገበው። ለብርድ ሌላ አለው፤ ለሠርግ ሌላ፤ ለዝናብ ሌላ። ይሁንና ሃያ ባርኔጣ ቢኖረውም ራሱ አንድ ነው። ከቤት ሲወጣ አሥራ ዘጠኙ ግድግዳ ላይ ይቀራሉ። አንዱን መርጦ በአካሉ ከፍተኛ ስፍራ ላይ ያኖረዋል፤ በማግሥቱም ያንኑ ምርጫ ይሽረዋል። ጉዳዩ ከልብስ ወሬ ወደ ሃይማኖትና ወደ ፍልስፍና የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የራስ መሸፈኛ የየማለዳ ምርጫ ሳይሆን የቃል ኪዳን ምልክት ነውና።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ በአምላክ ፊት የሚገባው መሸፈን ነው ወይስ መግለጥ የሚለው ነው። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው ፕሉታርክ ስለ ሮማውያን ልማድ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፦ ሮማውያን አማልክታቸውን ሲያመልኩ ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ የተከበረ ሰው ሲገጥማቸው ግን ይገልጣሉ፤ ስለ ምን? ፕሉታርክ አንድ መልስ አልመረጠም። ራሳቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ሊሆን ይችላል አለ፤ ወይም በጸሎት መካከል የክፉ ምልክት የሆነ ድምፅ እንዳይሰሙ ልብሳቸውን እስከ ጆሯቸው መሳባቸው ይሆናል አለ። ግሪኮች በበኩላቸው ራሳቸውን ገልጠው ይሠዉ ነበር።

ቆሮንቶስ በግሪክ ምድር የቆመች፣ ነገር ግን ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 የሮማውያን ሰፈር አድርጎ እንደ አዲስ ያቀናት ከተማ ነበረች። ሁለቱ ልማዶች እዚያ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደዚያች ከተማ በላከው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 11 ላይ፣ ወንድ ሲጸልይ ራሱን እንዳይሸፍን፣ ሴት ግን እንድትሸፍን ያዛል። ምክንያቱን ሲደረድር ከፍጥረት ቅደም ተከተል ይጀምራል፤ መላእክትን ያነሣል፤ ተፈጥሮን ምስክር ይጠራል፤ በመጨረሻም መከራከር ለሚወድ ሰው አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ ልማድ የላቸውም ብሎ ይዘጋዋል። ከሰማይ የተነሣው ክርክር ወርዶ ወርዶ በልማድ ላይ ማረፉ ልብ የሚባል ነው።

ኦሪት ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ትሄዳለች። ዘጸአት ምዕራፍ 28 ለአሮን መጠምጠሚያ፣ ለልጆቹም ቆብ እንዲሠራ ያዛል፤ በመጠምጠሚያውም ፊት ለእግዚአብሔር የተቀደሰ መሆኑን የሚናገር የወርቅ ቅጠል በሰማያዊ ፈትል ይታሰራል። የቆቦቹ ዓላማ ክብርና ጌጥ እንደሆነ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል። ባርኔጣ ወዳዶች ይህን ቃል ማወቅ አለባቸው፤ ጌጥ ያለ ኀፍረት ከቅድስና ጎን ተሰልፎ የሚገኝበት ስፍራ ብዙ አይደለምና። ለካህናት የታዘዘው ነገር በኋላ ዘመን ወደ መላው ወንድ ወረደ። ታልሙድ ራቭ ሁና የተባለው ሊቅ ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ ያህል እንኳ አይራመድም ነበር ይላል፤ ምክንያቱም የእግዚአብሔር ህልውና ከራሱ በላይ እንደሆነ ያምን ነበር። ዛሬ አይሁዳዊ ወንድ ወደ ምኩራብ ሲገባ ይሸፍናል፤ ክርስቲያን ወንድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይገልጣል፤ ሁለቱም ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ያስደረገኝ ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እስልምና ሁለቱንም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አስቀምጧል። ወንድ ለሶላት ኮፊያ ወይም ጥምጥም ማድረጉ የተወደደ ነው፤ ለሐጅ ኢሕራም ሲያስር ግን ንጉሥም ይሁን ለማኝ ራሱን ገልጦ ይሄዳል። ጃንጥላ መያዝ ይፈቀድለታል፤ ራሱን ነክቶ የሚያርፍ ነገር ግን አይፈቀድለትም። ድንበሩ በጥላ ሳይሆን በመነካት ላይ መሰመሩ የሚያስገርም ጥንቃቄ ነው፤ የሚከለከለው ከፀሐይ መጠለል አይደለም፣ ማዕረግን በራስ ላይ ማኖር እንጂ።

እነዚህ ሁሉ ሲነጻጸሩ መሸፈንም ሆነ መግለጥ ለብቻው ምንም እንደማይናገር ይታያል። የሚናገረው ውሳኔው ከራሱ ከሰውየው እጅ መውጣቱ ነው። አይሁዳዊው ዛሬ ልሸፍን ወይስ ልተው ብሎ አያመነታም፤ ሐጂውም አያመነታም። በዚህ ነገር ላይ ባርኔጣ ወዳድ ከሁሉም ይለያል፤ የእርሱ ደስታ ያለው በማመንታቱ ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ልዩነት በዓይን እንዲታይ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ምእመኑ በደጀ ሰላሙ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ይሳለማል፤ ሴቷ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ካህኑና መዘምሩ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ይቆማሉ። አንዱ በማውለቅ፣ ሌላው በመጠምጠም ያከብራል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የመነኩሴው ቆብ ነው። ምንኩስና በደረጃ የሚቀበሉት ነው፤ ቅናት አለ፣ ቆብ አለ፣ አስኬማ አለ። ሰው በዘፈቀደ ተነሥቶ ቆብ አይደፋም፤ በአገልግሎት ተፈትኖ ከአበምኔት እጅ ይቀበላል። በሚመነኩስበትም ዕለት ለሞተ ሰው የሚጸለየው ፍትሐት ይጸለይለታል። ከዚያ ወዲያ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ያ ቆብ በሕይወት ላለ ሰው የተሰጠ የመቃብር ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

ቆብ ትውልድም ይቆጠርበታል። መነኩሴ የሥጋ ወላጆቹን ትቶ የቆብ አባት ያገኛል፤ ያም የራሱ የቆብ አባት አለው፤ ሐረጉ እየተሳበ በትውፊት እስከ ግብጻዊው አባ እንጦንስ ይደርሳል። በገዳማት ታሪክ ማን ለማን ቆብ ሰጠ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ በቅዱሳን ገድላት ውስጥ የአንዱ ገዳም ክብር ከሌላው ጋር የሚመዘነው በዚህ ሐረግ ነውና። ምንኩስናውን የተወ ሰው «ቆቡን ጣለ» ይባላል። ባርኔጣ ሰብሳቢ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቢለዋውጥ የሚጠይቀው የለም፤ ቆብ አንድ ጊዜ ሲወልቅ ግን ወሬው ሰባት አገር ይደርሳል።

ከገዳሙ ደጃፍ የተወለደ አንድ ተረትም በሰብሳቢው ላይ የሚፈርድ ይመስላል፦ «ከቆብ ላይ ሚዶ»። ሚዶ ፀጉር ላይ ይሰካል፤ ቆብ የደፋ ሰው ሚዶ የሚሰካበት ፀጉር አያሳይም። ተረቱ ለማያስፈልግ ጭማሪ፣ ነገር ላይ ነገር ለሚከምር ሰው ይነገራል። አንድ ባርኔጣ ከፀሐይ ካስጠለለ ሁለተኛው ሚዶ ነው፤ ሃያኛው ምን ይባላል?

ሆኖም ከምናኔ ጽሑፎች ውስጥ ይህን ፍርድ የሚያለዝብ ምስክር ይገኛል። በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዮሐንስ ካሲያን የግብጽን የበረሃ መነኮሳት ዞሮ ካየ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ ታላቅ ሀብት ንቀው የመጡ መነኮሳት በኋላ ለአንዲት ትንሽ ቢላ፣ ለመርፌ ወይም ለብዕር ሲቆጡ እንደሚታዩ ይናገራል። ወርቁን የተዉበት ልብ መርፌዋን መተው አቃተው። ይህ ትዝብት የብዛትን ሚዛን ይሰብረዋል። ሃያ ባርኔጣ ያለው ሰው አንዱን ለወዳጁ ሳያመነታ ይሰጥ ይሆናል፤ አንድ ብቻ ያለው ደግሞ ያችን አንዲት ሰው እንዳይነካበት እንቅልፍ ያጣ ይሆናል። የመውደዱ ጥፋትም ሆነ ንጽሕና በመደርደሪያው ርዝመት አይለካም።

በማን ፊት ይወልቃል የሚለው ጥያቄ ግን በሌላ መንገድ ይመዝናል፤ በዚህ ጉዳይ የታሰሩና የተቀጡ ሰዎችም ነበሩ። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ታናሽ ለታላቅ ባርኔጣውን ማውለቅ ግዴታ ነበር፤ ልጅ ለአባት፣ ሎሌ ለጌታ፣ ተከሳሽ ለዳኛ። ጆርጅ ፎክስ የመሠረታቸውና ክዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ይህን እንቢ አሉ። ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ሲጸልዩ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለእርሱ የሚሰጠውን ምልክት ለሰው መስጠት ሰውን ማምለክ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1670 መስከረም ወር የ25 ዓመቱ ክዌከር ዊሊያም ፔን ከዊሊያም ሚድ ጋር በለንደን ጎዳና ላይ ሰብከሃል ተብሎ ኦልድ ቤይሊ ችሎት ቀረበ። ሁለቱ ሲገቡ ባርኔጣቸው ከራሳቸው ተወስዶ ነበር። ዳኞቹ መልሳችሁ ድፉላቸው ብለው አዘዙ፤ ከተደፋላቸው በኋላ ደግሞ ለምን አታወልቁም ብለው ችሎት በመድፈር እያንዳንዳቸውን 40 ማርክ ቀጧቸው። ፔን መቀጣት የሚገባው ባርኔጣውን ያስደፋው ወንበር ነው እንጂ እኛ አይደለንም ብሎ መለሰ። አሥራ ሁለቱ የሸንጎ ሰዎች ዳኞቹ የፈለጉትን ፍርድ አንሰጥም በማለታቸው ያለ ምግብ ታገቱ፤ ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሼል አቤት ብሎ፣ የሸንጎ አባል በሰጠው ፍርድ አይቀጣም የሚለው የእንግሊዝ ሕግ መርህ በእርሱ ጉዳይ ጸና። የችሎቱ ጠብ የተጀመረው በሁለት ባርኔጣ ነው።

ክዌከሮቹ ራሳቸው ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። ጆን ፔሮት የተባለ ከመካከላቸው የወጣ ሰባኪ በ1661 ገደማ፣ በጸሎት ጊዜም ቢሆን ባርኔጣ ማውለቅ የሰው ሥርዓት ነው፤ መንፈስ ካላነሣሣን በስተቀር ለምን እናወልቃለን ብሎ ተነሣ። ፎክስ አጥብቆ ተቃወመው፤ ማኅበሩም ተናወጠ። ፔሮት የያዘው የፎክስን ሐሳብ ነበር፤ እስከ ጫፉ ገፋው እንጂ። ባዶ ምልክት አንቀበልም የሚል እምነት ለራሱ አንዲት ምልክት አስቀርቶ ነበርና፣ ያችንም ሲጠይቁት መልስ አጠረው። ለማንም አላወልቅም የሚል ሰው መጨረሻ ላይ ሊያወልቅለት የሚገባ አንድ አካል ካልቀረለት፣ ባርኔጣው የነጻነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ እንደ ራስ ቅል ከአካሉ ጋር ያድጋል።

ባርኔጣን በግድ ከራስ ላይ የሚያወርድ ክንድ ደግሞ ሌላ ነገር ይገልጣል። ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም በጻፈው መጽሐፉ አባቱ የነገረውን ያስታውሳል፤ አባትየው በወጣትነቱ ቅዳሜ ቀን አዲስ የፀጉር ቆብ ደፍቶ ሲሄድ አንድ ክርስቲያን ቆቡን መትቶ ጭቃ ውስጥ ጣለው፤ አንተ አይሁዳዊ ከእግር መንገድ ውረድ ብሎም ጮኸበት። ልጁ ታዲያ ምን አደረግህ ሲለው፣ ወርጄ ቆቤን አነሣሁ አለ። ልጁ በዚህ መልስ አፈረ። ኀፍረቱ ግን ቆቡን ለመታው ነበር የሚገባው። የሰው ክብር ከሰውነቱ ውጪ በሚነቀል ነገር ላይ መቀመጡ ባርኔጣን ሰይፍ ሳይነካ ሰው የሚዋረድበት ስፍራ አድርጎታል።

መንግሥትም ይህን ያውቃል። የኦቶማኑ ሱልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ በ1829 ጥምጥምን ለሹማምንቱ አስቀርቶ ፌዝ የሚባለውን ክፈፍ የሌለው ቆብ ደነገገ፤ በጊዜው ፌዝ አዲስና አስደንጋጭ ነበር። ከመቶ ዓመት ያነሰ ጊዜ ሲያልፍ ያው ፌዝ የሃይማኖትና የአባቶች ልማድ ሆኖ ተገኘ፤ የቱርኩ መሪ ሙስጠፋ ከማል በኅዳር 1925 ባወጣው ሕግ ፌዝ ተከልክሎ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ሲታዘዝ በአንዳንድ ከተሞች ሕዝቡ ተነሣ። ባርኔጣን ተቃውመው ከሕጉ አስቀድሞ መጽሐፍ ያሳተሙት ኢስኪሊፕሊ አቲፍ ሆጃ በ1926 ተሰቀሉ። ክፈፉ ሶላት ላይ ግንባር መሬት እንዳይነካ ያግዳል፤ ብዙ ሰጋጆችም ኮፍያቸውን ወደ ኋላ አዙረው መስገድ ለመዱ። በዚህች መዞር ውስጥ ሕግም አልተሻረም፣ ሱጁድም አልቀረም።

ባርኔጣ ይሸፍናል ማለት ይደብቃልም ማለት ነው፤ ፈላስፎች በብዛት የጠረጠሩት ይህን ጎኑን ነው። ዴካርት በ1641 ባሳተመው ድርሰቱ ከመስኮቱ ሆኖ በመንገድ የሚያልፉትን ሲያይ በዓይኑ የሚያየው ባርኔጣና ካፖርት ብቻ እንደሆነ፣ ከሥራቸው በመዘውር የሚንቀሳቀስ ነገር ሊኖር እንደሚችል ይናገራል፤ ሰዎች ናቸው ብሎ የሚፈርደው አእምሮው ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም። ፓስካል ደግሞ የበለጠ ይመርራል። ዳኞች እውነተኛ ፍትሕ፣ ሐኪሞችም እውነተኛ ፈውስ ቢኖራቸው ኖሮ አራት ማዕዘን ቆብ ባላስፈለጋቸው ነበር ይላል፤ እውቀታቸው ምናባዊ ስለሆነ የሰውን ምናብ የሚመታ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። ትዝብቱ ለዘመኑ ሐኪሞች ልክ ነበር፤ ለአሮን መጠምጠሚያም ይሠራል ወይ የሚለውን ግን ፓስካል፣ አማኝ ስለነበረ፣ ሊጠይቅ አልወደደም።

በዴካርትና በፓስካል መካከል ባርኔጣ ሰብሳቢ የተለየ ስፍራ አለው። የፓስካል ሐኪም በአንድ ቆብ አንድ ነገር ነኝ ብሎ ያስመስላል። ሰብሳቢው ግን ሰኞ የገበሬ፣ ማክሰኞ የመርከበኛ፣ ረቡዕ የአዛውንት ባርኔጣ ስለሚደፋ ማንንም አያታልልም፤ የመለዋወጡ ብዛት ራሱ ምስጢሩን ያወጣዋል። ሰው ከሚመስለው ነገር ጋር አንድ እንዳልሆነ ለሚያየው ሁሉ ያስታውሳል። ይህን ያህል እውነት በአንድ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሰብሰብን በሚመለከት ሁለት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች ተራርቀው ቆመዋል። ቫልተር ቤንያሚን በ1931 መጻሕፍቱን ከሳጥን ስለማውጣት በጻፈው አጭር ድርሰት፣ ባለቤትነት ሰው ከዕቃ ጋር ሊኖረው የሚችለው እጅግ የጠበቀ ዝምድና ነው ይላል፤ ዕቃዎቹ በሰብሳቢው ውስጥ ሕያው አይሆኑም፣ እርሱ በእነርሱ ውስጥ ይኖራል እንጂ። ዣን ቦድሪያር በ1968 ግን ሰብሳቢ ዕቃውን ከአገልግሎቱ ነጥሎ የራሱ ያደርገዋል፤ መጨረሻ ላይም የሚሰበስበው ራሱን ነው አለ። ባርኔጣ ለሁለቱም ያስቸግራል። ከአገልግሎት አልተነጠለም፤ ዝናብ ሲመጣ ያገለግላል። ሰብሳቢውም በቤቱ ውስጥ ብቻ አይኖርበትም፤ አደባባይ ይዞት ይወጣል፣ ሰላምታ ይሰጥበታል፣ ነፋስ ይወስድበታል። ራሱን ብቻ የሚሰበስብ ሰው መስታወት ይበቃዋል፤ ባርኔጣ ግን የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

የቻይናው ኮንፉሽየስ በቆብ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ከሁሉም ይልቅ ለኑሮ የቀረበ ነው። ሥርዓቱ የሚያዘው የተልባ እግር ቆብ ነበር፤ በዘመኑ ግን ሰዎች ልፋቱ ስለሚቀንስ የሐር ቆብ ያደርጉ ጀመር። እርሱም ቁጠባ ነውና ከብዙኃኑ ጋር እሄዳለሁ አለ። ሰዎች ለጌታቸው ከደረጃው በታች መስገድን ትተው ከላይ መስገድ በጀመሩ ጊዜ ግን ይህ ትዕቢት ነው ብሎ ብቻውን በቀድሞው ጸና። የቆቡን ጨርቅ ለወጠ፤ ስግደቱን አልለወጠም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የሆነው ዚሉ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 በውጊያ መካከል የቆቡ ማሰሪያ ሲቆረጥበት፣ ጨዋ ሰው ቆቡ ወልቆ አይሞትም ብሎ ማሰሪያውን ሲቋጥር ተገደለ። መምህሩ ምናልባት ተወውና ተዋጋ ይለው ነበር፤ ታሪኩን ያቆዩት ሰዎች ግን ዚሉን አላሙትም።

ሰብሳቢው ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የሌላውን ሰው ቃል ኪዳን መግዛትን ነው። የገበሬ ባርኔጣ ሲሸጥ የሚጎድል ነገር የለም። ቆብ፣ የሲክ ሃይማኖት አማኝ ጥምጥም ወይም የቄስ መጠምጠሚያ ግን መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ዕቃው ይገኛል፣ ቃሉ ይጠፋል። የዚህ ትልቁ ምሳሌ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1740 ገደማ የተሠራ የወርቅ ዘውድ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን የሰጡት እንደሆነ ይታመናል፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰደው ነው። ነገሥታት ዘውዳቸውን ለቤተ ክርስቲያን መስጠታቸው ራሱ ማውለቅ ነበር፤ ከእኔ በላይ ንጉሥ አለ ማለት ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው እንግዲህ የወለቀ፣ ለእግዚአብሔርም የተሰጠ ዘውድ ነው፤ ያወለቁለት አካል ግን አብሮ አልተወሰደም። በሌላ በኩል በኔዘርላንድስ የሚኖረው ሲራክ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላ የቤተ ክርስቲያን ዘውድ እጁ ሲገባ ለ21 ዓመት ሸሽጎ ጠበቀው፤ በ2020 የካቲት ወር ወደ አገሩ መለሰው። በሮተርዳም ቤቱ አንድ ዘውድ ብቻ ነበረው፤ የጠበቀውም ለራሱ ሊጭነው ሳይሆን ሊመልሰው ነው። ከዚህ የሚበልጥ የባርኔጣ ፍቅር በታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

የዕቃው አሠራርም ዕዳ አለበት። ከእንስሳ ፀጉር ተጨምቆ የሚሠራው ባርኔጣ ለረጅም ዘመን በሜርኩሪ ይዘጋጅ ነበር፤ ሠራተኞቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አእምሯቸው ይታወክ ነበር። በአሜሪካ ይህ አሠራር የቆመው በ1941 ነው። አሮጌ ባርኔጣ የሚሰበስብ ሰው የሰው መንቀጥቀጥም አብሮ ይሰበስባል።

የቀረው ራሱ ከሄደ በኋላ ባርኔጣው ምን ይሆናል የሚለው ነው። የሰብሳቢው ባርኔጣዎች ለወራሾች ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ራስ የያዛቸው ነበርና ሲበተኑ ስብስብ መሆናቸው ያበቃል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጋለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በኅዳር 1964 የጵጵስና ዘውዳቸውን አውልቀው በቅዱስ ጴጥሮስ መንበረ ታቦት ላይ ለድሆች ብለው አኖሩት። ያ ዘውድ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በትልቅ ቤተ መቅደስ ለእይታ ቀርቦ ይገኛል፤ ለመተው የወለቀው ራሱ ተመልሶ የስብስብ ዕቃ ሆነ። ሁለተኛው ጋሌሮ የሚባለው ቀይ ሰፊ ባርኔጣ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት አራተኛ በ1245 በሊዮን ጉባኤ ጊዜ ለካርዲናሎች ሰጡት፤ እስከ 1969 ድረስም ቆየ። ካርዲናሉ ሲሞት ጋሌሮው በካቴድራሉ ውስጥ ከመቃብሩ በላይ በጣሪያው ላይ ይሰቀል ነበር፤ ማንም አይነካውም፣ ማንም አያድሰውም ነበር። በለንደኑ ዌስትሚንስተር ካቴድራል እስካሁን የተሰቀሉ አሉ፤ ቀለማቸው ደብዝዞ፣ አቧራ ለብሰው፣ ጨርቃቸው በስብሶ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ።